ዎርኪንግ ሆሊዴይ ቪዛ እንዴት ይወጣል? ከፓስፖርቱ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ

ውጭ አገር ሄዶ መሥራት ሲታሰብ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚፈልገው ቀጣሪ ነው። ዎርኪንግ ሆሊዴይ ("እየሠሩ ዕረፍት" እንደማለት ነው) ቪዛ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ቪዛው ይወጣል፤ ሥራው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ይፈለጋል። ስፖንሰር የለም። ሥራው ካልተመቸ ሌላ መፈለግ ይቻላል። አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ዓመት፣ እየሠሩ አገር ማየት ነው።

አውስትራሊያ ይህን ቪዛ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ያኔ የተፈቀደው ለእንግሊዝ፣ ለካናዳና ለአየርላንድ ወጣቶች ብቻ ነበር። ጃፓን በ1980 ተከተለች። ዛሬ ኒውዚላንድ፣ ካናዳ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ሌሎችም የየራሳቸው አላቸው። ስሙ አንድ አይደለም። ብሪታንያ ዩዝ ሞቢሊቲ ስኪም ትለዋለች። ካናዳ ኢንተርናሽናል ኤክስፒሪየንስ ካናዳ በሚባል ፕሮግራም ሥር አድርጋዋለች። ስለዚህ በአንድ ስም ብቻ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ተስፋ አትቁረጡ።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ የተደረደረ ነው። ብዙ ሰው ጊዜና ገንዘብ የሚያባክነው የመጨረሻውን ነገር መጀመሪያ ስለሚያደርግ ነው። ቲኬት ይቆርጣል፣ ከዚያ ፓስፖርቱ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ያውቃል።

1. ፓስፖርታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አለ?

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ይህ ቪዛ በሁለት አገሮች መካከል በሚደረግ ስምምነት የሚሰጥ ነው። የሚታየው የትውልድ አገር አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድም አይደለም። የያዛችሁት ፓስፖርት ነው። ጀርመን አገር ለዓመታት ኖራችሁ፣ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድም ይዛችሁ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርታችሁ የጀርመን ካልሆነ ለጀርመኖች የተሰጠው ዕድል እናንተን አይመለከትም።

እዚህ ላይ ነገር ማድበስበስ አልፈልግም። የኢትዮጵያም ሆነ የኤርትራ ፓስፖርት በአውስትራሊያ፣ በካናዳ፣ በኒውዚላንድ፣ በጃፓንና በብሪታንያ የዎርኪንግ ሆሊዴይ ዝርዝር ውስጥ የለም። "በዚህ ፓስፖርት አወጣላችኋለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ውሸቱን ነው። የካናዳ፣ የስዊድን፣ የጀርመን፣ የእስራኤል፣ የአሜሪካ ወይም ሌላ ዜግነት ያላችሁ ግን ቀጥሉ። ለእናንተ በሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። የትኛው አገር በር ነው የሚለውን ደግሞ የየአገሩ ዝርዝር ይመልሳል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአውስትራሊያ ማመልከት ይችላል፤ ለብሪታንያው ዩዝ ሞቢሊቲ ግን አይችልም።

ሁለት ዜግነት ያላችሁ ደግሞ፣ ያመለከታችሁበትን ፓስፖርት ራሱን ይዛችሁ ነው የምትጓዙት። ሁለተኛውን ዜግነት ግን ቅጹ ሲጠይቅ አትደብቁ።

2. ዕድሜ፣ ልጆች፣ "ከዚህ በፊት ወስደሃል?"

የተለመደው ከ18 እስከ 30 ዓመት ነው። ለአንዳንድ ዜጎች እስከ 35 ይደርሳል። ለምሳሌ የካናዳ፣ የፈረንሳይና የአየርላንድ ዜጋ አውስትራሊያ ላይ እስከ 35 ያመለክታል። ብሪታንያም ለአውስትራሊያ፣ ለካናዳ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ ኮሪያ ዜጎች 35ን ትፈቅዳለች።

"እስከ 30" ሲባል 31ኛ የልደት ቀን እስኪደርስ ማለት ነው። አውስትራሊያ የምታየው ማመልከቻው በገባበት ቀን ያለውን ዕድሜ ነው። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ለመግባት 12 ወር ይሰጣል። ስለዚህ 31 ሊሞላችሁ ትንሽ ከቀረ፣ ለመጓዝ ዝግጁ ባትሆኑም ማመልከቻውን አስገቡ። ይህን ባለማወቅ ዕድሉ ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

ልጆችን ይዞ መሄድ በአብዛኛው አይፈቀድም። የትዳር ጓደኛም በእናንተ ማመልከቻ ላይ አይደረብም፤ ራሱን ችሎ ያመለክታል። ብዙ አገሮች ይህን ቪዛ የሚሰጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብሪታንያን ለሦስት ወር ሞክሬ፣ ካልተመቸኝ ሌላ ጊዜ ተመልሼ አመለክታለሁ የሚል ሐሳብ አይሠራም።

3. የአገሩ አሠራር፦ ወረፋ፣ እጣ ወይስ ክፍት በር?

አገር ስትመርጡ ስለ ባሕር ዳርቻውና ስለ ደመወዙ ብቻ አታስቡ። ቪዛው የሚሰጥበት መንገድ ራሱ ዕቅዳችሁን ይወስናል።

አንደኛው ዓይነት ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። የአውስትራሊያው ሰብክላስ 417 የሚባለው የቪዛ ዓይነት እንዲህ ነው። መሥፈርቱን ካሟላችሁ በፈለጋችሁ ቀን ኦንላይን ታመለክታላችሁ። ለሌሎች አገሮች ዜጎች የተዘጋጀው 462 ግን በአብዛኛው ዓመታዊ ኮታ አለው። እንግሊዝኛ መቻልንና የትምህርት ደረጃንም ይጠይቃል። የትኛው እንደሚመለከታችሁ የሚወስነው አሁንም ፓስፖርታችሁ ነው።

ሁለተኛው እንደ ካናዳ ነው። መጀመሪያ መገለጫ ፈጥራችሁ ወደ እጩዎች ቋት ትገባላችሁ። ከቋቱ በየዙሩ በዘፈቀደ ስም ይወጣል። ስማችሁ ሲወጣ ግብዣውን ለመቀበል 10 ቀን አላችሁ። ከተቀበላችሁ በኋላ ሙሉውን ማመልከቻ ለማስገባት 20 ቀን ይሰጣችኋል። 20 ቀን ብዙ ይመስላል፤ ግን የፖሊስ ማስረጃ ከሌላ አገር የምትጠብቁ ከሆነ አይበቃም። ቋቱ ውስጥ ሆናችሁ ስማችሁ እስኪወጣ ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሰነዱን ያኔውኑ ሰብስቡ።

ሦስተኛው በተወሰነ ቀንና ሰዓት የሚከፈት ነው። ኒውዚላንድ ለበርካታ አገሮች እንዲህ ታደርጋለች። ቦታው ጥቂት ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ዓይነቱ መለያችሁን አስቀድማችሁ ክፈቱ። ኢንተርኔት የማይቆራረጥበት ቦታ ፈልጉ። ለውጭ አገር ክፍያ የሚሠራ የባንክ ካርድ ያዙ። ሰዓቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስሉ። የሚጻፈው በእነሱ ሰዓት ነው፤ ቀኑም ጭምር ሊለያይ ይችላል።

አራተኛው ኤምባሲ በአካል የሚኬድበት ነው። ጃፓን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ለምን መሄድ እንደፈለጋችሁ የሚገልጽ ጽሑፍና የቆይታ ዕቅድ ትጠይቃለች። በአብዛኛው የምታመለክቱትም ዜግነታችሁ ባለበት አገር እየኖራችሁ ነው። ሌላ አገር የምትኖሩ ከሆነ ኤምባሲውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዕድሜያችሁ ወደ ገደቡ ከተጠጋ እጣ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ክፍት የሆነውን አገር አስቀድሙ።

4. ሰነድ፦ የሚዘገየውን መጀመሪያ

ሰነድ ሲሰበሰብ ቀላሉን ማስቀደም ይቀናናል። ፎቶ እንነሳለን፣ ፓስፖርት ስካን እናደርጋለን። ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው። ረጅም ጊዜ ከሚወስደው ጀምሩ።

የፖሊስ ማስረጃ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጠብቀው ይህ ነው። የተወለዳችሁበት ወይም አሁን የምትኖሩበት አገር ብቻ አይበቃም። ካናዳ 18 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ በተከታታይ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የኖራችሁበትን አገር ሁሉ ማስረጃ ትጠይቃለች። አውስትራሊያ ስትጠይቅ ደግሞ የምትቆጥረው ባለፉት 10 ዓመታት በድምሩ 12 ወር የኖራችሁባቸውን አገሮች ነው። እናም ወረቀት ላይ የኖራችሁባቸውን አገሮች በሙሉ ከነወራቸው ጻፉ። ከለቀቃችሁት አገር ማስረጃ ማስመጣት አሻራ መላክን፣ ውክልናን፣ ትርጉምን ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ጀምሩ።

ፓስፖርት፦ ሊያበቃ የተቃረበ ከሆነ ከማመልከቻው በፊት አሳድሱት። ካናዳ የሥራ ፈቃዱን ከፓስፖርቱ ዕድሜ አታሳልፍም። አውስትራሊያ ደግሞ ቪዛውን ከፓስፖርት ቁጥሩ ጋር ታያይዘዋለች። በመካከል ፓስፖርት ከቀየራችሁ አዲሱን ቁጥር ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ገንዘብ፦ አውስትራሊያ 5,000 የአውስትራሊያ ዶላርና የመመለሻ ቲኬት ወይም መግዣውን ትጠይቃለች። ካናዳ 2,500 የካናዳ ዶላር ትፈልጋለች። ብሪታንያ 2,530 ፓውንድ ትላለች፤ እሱም ቢያንስ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሂሳባችሁ ውስጥ የቆየ መሆን አለበት። አንድ ቀን እንኳ ከዚያ በታች ከወረደ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ሂሳቡ በራሳችሁ ስም ይሁን። በማመልከቻው ዋዜማ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሳል። ዘመድ ከረዳችሁ ቀደም ብሎ ይግባ፤ ከየት እንደመጣም የሚያስረዳ ወረቀት ይኑራችሁ።

የማመልከቻ ክፍያውም ቀላል አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 650 ዶላር ታስከፍል ነበር፤ ክፍያውን ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ታሻሽላለች። ብሪታንያ ከማመልከቻው ክፍያ በተጨማሪ የጤና አገልግሎት ክፍያ አላት። እሱ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ለዚህ ቪዛ በዓመት 776 ፓውንድ ሆኗል። የሁለት ዓመቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። በጀት ስትይዙ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። የምትከፍሉትን ልክ ባመለከታችሁበት ቀን ከመንግሥቱ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

የጤና ምርመራ፦ ሁሉም ሰው አይጠየቅም። የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝባቸው አገሮች የኖረ ሰው የደረት ራጅ ሊጠየቅ ይችላል። ሆስፒታል፣ መዋእለ ሕፃናት ወይም ትምህርት ቤት ለመሥራት ያሰበም እንዲሁ። ምርመራው የሚሠራው አገሩ በሰየማቸው ሐኪሞች ዘንድ ብቻ ነው። የለመዳችሁት ሐኪም የሚጽፈው ወረቀት ተቀባይነት የለውም።

መድን፦ ካናዳ ስትገቡ ለቆይታችሁ ሁሉ የሚበቃ የጤና መድን ማሳየት አለባችሁ። የሁለት ዓመት ፈቃድ ተፈቅዶላችሁ የአንድ ዓመት መድን ካሳያችሁ፣ የድንበሩ ሹም ፈቃዱን አንድ ዓመት ሊያደርገው ይችላል። ኋላ መድኑን ብታራዝሙም ፈቃዱ በዚህ ምክንያት አይረዝምም። ርካሹን አጭር መድን ገዝቶ አንድ ዓመት ማጣት ያስቆጫል።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የአባትና የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባላቸው ሰዎች፣ በልደት ካርድ ላይ አንድ፣ በፓስፖርት ላይ ሌላ፣ በዲፕሎማ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አጻጻፍ አላቸው። ቅጹ ላይ የሚሞላው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፤ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ሌሎቹን ስሞች "በሌላ ስም ታውቀሃል ወይ" በሚለው ጥያቄ ሥር አስገቡ። ልዩነቱን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤም አያይዙ።

5. ቅጹን መሙላት

ጸጥ ባለ ቀን፣ ሰነዱን ሁሉ ጎን ላይ አድርጋችሁ ሙሉት። የሥራና የትምህርት ታሪክ ሲጠየቅ ባዶ ወራት አትተዉ። ሥራ ፈት የነበራችሁበትን ጊዜም "ሥራ በመፈለግ ላይ" ብላችሁ ጻፉ። ክፍተት ያለበት ታሪክ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠራል፤ ጥያቄ ደግሞ ሳምንታት ይበላል።

ከዚህ በፊት የየትኛውም አገር ቪዛ ተከልክላችሁ ከሆነ ተናገሩ። ክልከላው ራሱ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። መደበቁ ነው የሚጎዳው። የሐሰት መረጃ የተገኘበት ሰው አውስትራሊያ ላይ ለሦስት ዓመት፣ ካናዳ ላይ ለአምስት ዓመት ሊታገድ ይችላል። ትንሽ የትራፊክ ቅጣት ወይም የቆየ የፍርድ ጉዳይ ቢኖርም፣ ጥያቄው የሚያካትተው ከሆነ በግልጽ መልሱት።

ዓላማችሁን ስትጽፉ የቪዛውን ስም አስታውሱ። ዋናው ጉዳይ ጉብኝት ነው፤ ሥራው ደጋፊ ነው። "ለመኖር ነው የምመጣው" ብሎ የሚጽፍ ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል። የጃፓንን ዕቅድ ስትጽፉ ደግሞ የከተማ ስም ብቻ አትደርድሩ። የትኛው ወር የት፣ ምን ለማየት፣ ምን ዓይነት ሥራ ለመሞከር የሚለው ይግባበት። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ዕቅድ ያስታውቃል።

የምትገኙበት ቦታም ይቆጠራል። የመጀመሪያውን የአውስትራሊያ ቪዛ የሚያመለክት ሰው፣ ሲያመለክትም ሲሰጠውም ከአውስትራሊያ ውጭ መሆን አለበት። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ እዚያው መቀየር አይቻልም።

ከመላክ በፊት ሁሉንም ገጽ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። የክፍያ ደረሰኙንም እንዲሁ።

6. ከላካችሁ በኋላ

ኢሜይላችሁን በየቀኑ እዩ፤ የስፓም ሳጥኑንም ጭምር። ለአሻራ ወይም ለተጨማሪ ሰነድ የሚመጣ ጥያቄ የጊዜ ገደብ አለው። ቀኑ ካለፈ ማመልከቻው ባለው ሰነድ ብቻ ይወሰናል።

የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። ሥራም አትልቀቁ።

መልሱ ሲመጣ ምን እንደተሰጣችሁ በደንብ አንብቡ። የአውስትራሊያ ቪዛ ፓስፖርት ላይ አይለጠፍም፤ በሥርዓቱ ውስጥ የተመዘገበ ነው። ካናዳ የምትልከው ደብዳቤ ደግሞ ራሱ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ የሚታተመው ካናዳ ስትደርሱ ድንበር ላይ ነው። ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስማችሁን፣ ማብቂያ ቀኑንና የተጻፈውን ገደብ አንብቡ። ስህተት ካለ እዚያው ያርሙታል። ከወጣችሁ በኋላ ግን ረጅም የደብዳቤ ልውውጥ ነው።

ከተከለከላችሁ የውሳኔ ደብዳቤውን ደጋግማችሁ አንብቡ። ምክንያቱ የገንዘብ ማስረጃ ወይም የጎደለ ወረቀት ከሆነ አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይቻላል። የከፈላችሁት ግን በአብዛኛው አይመለስም።

ስለ ደላላ

ይህ ቪዛ ለወጣት ሰው ራሱ እንዲሞላው ተደርጎ የተሠራ ነው። ቅጹን ለሚሞላላችሁ ሰው መክፈል መብታችሁ ነው፤ ግን እጣውን ማሳመር ወይም ወረፋ ማስቀደም የሚችል ማንም የለም። "ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል ሲመጣ ንግግሩን እዚያው ቁረጡ። ከመንግሥት ገጽ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ለነጻ ቅጽ ገንዘብ የሚጠይቁ ድረገጾችም ሞልተዋል። የአውስትራሊያው ትክክለኛ አድራሻ በ"ዶት ጎቭ ዶት ኤዩ" ነው የሚያልቀው። የብሪታንያው በ"ጎቭ ዶት ዩኬ"፣ የካናዳው በ"ካናዳ ዶት ሲኤ" ነው። በፍለጋ ውጤት ላይ ከላይ "ማስታወቂያ" ተብሎ የሚመጣውን ዝለሉት።

7. ከደረሳችሁ በኋላ

መጀመሪያ የግብር ቁጥር። አውስትራሊያ ቲኤፍኤን፣ ካናዳ ሲን፣ ኒውዚላንድ አይአርዲ ቁጥር ይሉታል። ያለ እሱ አውስትራሊያ ላይ ከደመወዛችሁ በጣም ከፍተኛው ግብር ይቆረጣል። ጃፓን የገባ ሰው መኖሪያ ካገኘ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻውን ለአካባቢው አስተዳደር ያስመዘግባል። የባንክ ሂሳብም በመጀመሪያው ሳምንት ክፈቱ።

ከዚያ የቪዛውን ገደብ እወቁ። አውስትራሊያ ላይ ለአንድ ቀጣሪ በአብዛኛው ከስድስት ወር በላይ መሥራት አይቻልም፤ ትምህርትም ከአራት ወር አይበልጥም። ጃፓን በመጠጥና በጭፈራ ቤቶች መሥራትን ከልክላለች፤ አስተናጋጅነትም ቢሆን።

አውስትራሊያ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የሚፈልግ ሰው፣ የብሪታንያ ፓስፖርት ካልያዘ በቀር፣ በተወሰኑ ገጠራማ አካባቢዎች፣ በተፈቀዱ የሥራ ዓይነቶች 88 ቀን መሥራት አለበት። ሦስተኛ ዓመት ለሚፈልግ ስድስት ወር ነው። እርሻ ብቻ አይደለም፤ ግንባታ፣ ማዕድንና ዓሣ ማጥመድም ይቆጠራሉ። እዚህ ላይ ነው ብዝበዛ የሚበዛው። ቀኑ ስለሚያስፈልጋችሁ እንደማትለቁ የሚያውቅ ቀጣሪ አለ። ከመጀመራችሁ በፊት የቦታውን ፖስታ ኮድ ከመንግሥት ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። የደመወዝ ወረቀታችሁን በየሳምንቱ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ያለ እሱ የሠራችሁት ቀን ላይቆጠር ይችላል። ፓስፖርታችሁን "ልያዝልህ" ለሚል ቀጣሪ አትስጡ። ኮፒ ይበቃዋል። ደመወዝ ካጎደለባችሁ ፌር ወርክ ኦምቡድስማን የሚባለው መሥሪያ ቤት የቪዛ ዓይነት ሳይለይ አቤቱታ ይቀበላል።

አገሩን ስትለቁ የቀራችሁን ገንዘብ ጠይቁ። አውስትራሊያ ላይ ቀጣሪው ሱፐር የሚባል የጡረታ ገንዘብ ያስቀምጥላችኋል። ከወጣችሁና ቪዛው ካበቃ በኋላ ኦንላይን ታመለክታላችሁ። በዚህ ቪዛ ከሠራችሁ 65 በመቶው በግብር ይቆረጣል፤ የቀረው 35 በመቶ ግን የእናንተ ነው። ለዚህ የአውስትራሊያ የባንክ ሂሳባችሁን ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ አትዝጉት።